የነጠላ ጥለትን በብር ሽቦ እንዴት መሸመን ይቻላል

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ የጋሞ ሸማኔዎችን እጅ በቅርብ የተመለከተ ሰው፣ የጥለቱ ቅርጽ የሚወጣው ባለቀለሙ ማግ ድሩን አንዴ እየዘለለ አንዴ እየሠረገ ስለሚሄድ መሆኑን ያስተውላል። ብር አንድ ቀለም ብቻ ስላለው፣ ወደምንሠራው የብር አምባር የምናመጣው ይህንኑ መዝለልና መሥረግ ነው። ጥለትን በብር ገጽ ላይ መቅረጽ ይቀላል፤ ለእኔ ግን ያ የጥለት ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ ጥለቱን ባለካሬ ደብተር ላይ ይንደፉ፤ ማጉ ከላይ የሚያልፍበትን ካሬ ያጥቁሩ። ከሦስት ድር በላይ የሚዘል ማግ በልብስ ላይ ቢያምርም፣ በብር ሲሆን ሹራብ እየያዘ ይነቀላል።

ለድሩ 0.5፣ ለማጉ 0.3 ሚሊሜትር የሆነ ንጹሕ የብር ሽቦ ያስፈልጋል። ለጌጥ የተለመደው 925 ብር (92.5 በመቶው ብር የሆነ ቅይጥ) መዳብ ስላለበት ለሽመና ይደድራል፤ እሳት ሲነካውም ይጠቁራል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሽቦውን በእሳት ማለስለስ ነው። ብር ሲሳብና ሲታጠፍ ይደድራል፤ ሳይለሰልስ ከተሸመነም እንደ ሞላ እየተመለሰ ድሩን ያዛባል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ቀጭን ሽቦ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ሽቦውን ልል አድርጌ ጠቅልዬ፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢ ውስጥ አሞቅሁት። የብር ፍም በፀሐይ ብርሃን ስለማይታይ፣ ከጥቅሉ ያፈነገጠው ሽቦ ወደ ትናንሽ እንክብሎች ሲቀየር ነው የነቃሁት፤ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ በዚያው ጠፋ። ስለዚህ ጥቅሉን አጥብቀው በራሱ ጫፍ ይጠፍሩት፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ይሥሩ፤ ነበልባሉንም በአንድ ቦታ ሳያቆሙ ያዟዙሩት። ደብዛዛ ቅላት ብቅ እንዳለ እሳቱን ያርቁና ሽቦውን ውሃ ውስጥ ይንከሩ።

ድሩን በጣውላ ላይ በተመቱ ትናንሽ ሚስማሮች ወጥረው ይሸምኑ። ማጉን ከ40 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ቁራጭ ይጠቀሙ፤ በድሩ መካከል ባለፈ ቁጥር እየደደረ ይሄዳልና። ፒንሳ ሽቦውን ስለሚያቆስል በጣት መሳብ ይሻላል።

የሽመናውን ጫፎች ከብር ዝርግ (ከጠፍጣፋ ብር) ጋር ሲበይዱ እሳቱ ዝርጉን ያሙቅ፤ ሽቦው በዝርጉ ሙቀት ይደርሳል።

በመጨረሻ አምባሩን በደንብ ከተቀቀለና ትኩስ እያለ ከተደቆሰ እንቁላል ጋር፣ ሳይነካካ፣ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ያኑሩት። ከእንቁላሉ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ብሩን ያጠቁረዋል። ከዚያም ላዩን ብቻ በጨርቅ ሲያሹት ከላይ የዘለለው ማግ ያበራል፤ የሠረገው ጠቁሮ ይቀራል፤ ጥለቱም በዚህ ጊዜ ጎልቶ ይታያል።