የወገብ መርፌ ወይስ ሙሉ ሰመመን? ከኦፕሬሽን ቀጠሮሽ በፊት

ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በቀጠሮ ኦፕሬሽን ነው። የመጀመሪያዋን ሙሉ በሙሉ አስተኝተውኝ፣ ሁለተኛውን ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ የወገብ መርፌ ነቅቼ። ነፍሰ ጡር ጓደኞቼ «የቱ ይሻላል?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ምን እንደሚያስፈራቸው ነው።

እኔን ያስፈራኝ የአክስቴ ወሬ ነበር። «የወገብ መርፌ የተወጋች ሴት ዕድሜ ልኳን ወገቧን ይዛ ነው የምትሄደው» አለችኝ። «አስተኙኝ» አልኩ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ስነቃ ቱቦው የገባበት ጉሮሮዬ ይቃጠላል፣ ዓይኔ አልገለጥ ይለኛል። የልጄን የመጀመሪያ ለቅሶ የሰማችው አዋላጇ ናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሁለተኛው እርግዝና የሰመመን ባለሙያውን ራሱን አናገርኩት። አንቺም ቀዶ ሐኪሙን ብቻ አታናግሪ። መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀን ሊያም እንደሚችል፣ ለዓመታት የሚቆየው የወገብ ሕመም ግን ባልተወጉም እናቶች ላይ እንደሚታይ ነገረኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰድሽ፣ ደምሽ ቶሎ የማይረጋ ከሆነ፣ ወገብሽ ላይ ቁስል ካለ ወይም ቀዶ ጥገና ተደርጎልሽ ከነበረ ሳትደብቂ ተናገሪ። የወገብ መርፌ የማይፈቀድላቸው ሴቶች አሉ። ለእነሱ ሙሉ ሰመመን ነው ትክክለኛው፤ ማንም ቅር ሊላት አይገባም። «መርፌው በደንብ ባይዘኝ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለሽም ጠይቂ።

ጠንከር ያለ ምግብ ኦፕሬሽኑ ሊጀመር ቢያንስ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ንጹህ ውሃ ብዙውን ጊዜ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ የሐኪም ቤትሽን ትእዛዝ ግን አስቀድሚ። አጥሚት ምግብ ነው፣ እንደ ውሃ አትቁጠሪው።

መርፌው ሲወጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጫለሽ። «እንደ ድመት ጀርባሽን አጉብጪ፣ አገጭሽን ደረትሽ ላይ» አለኝ የሰመመን ባለሙያው። አዋላጇ ትከሻዬን ያዘችኝ። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቀቡኝ፣ ትንሽ ቆነጠጠኝ፣ አለቀ። ዋናው ነገር አለመንቀሳቀስ ነው። ወዲያው ከእግሬ ጣት ጀምሮ ሙቀት ወጣ፣ እግሬ የኔ አልመስል አለ። ቢላ ከመንካታቸው በፊት አልኮል የነካ ጥጥ ሆዴ ላይ እያስነኩ «ይቀዘቅዝሻል?» ይሉኝ ነበር። ከቀዘቀዘሽ ገና አልደነዘዘም ማለት ነውና «ይቀዘቅዘኛል» በያቸው፣ አትፈሪያቸው።

ከዚያ ድንገት አቅለሸለሸኝ። የደም ግፊት ስለሚወርድ ነው። ቶሎ ተናገሪ፣ በግሉኮሱ በኩል መድኃኒት ይሰጡሻል። ኦፕሬሽኑ ሲጀመር ሕመም የለም፣ መጎተትና መጫን ግን አለ። ሆዴ ላይ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ያለ መሰለኝ። ይህን ቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሳለ ልጄ አለቀሰ። ጉንጬ ላይ አስጠጉልኝ፤ እርጥብና ትኩስ ነበር።

እግርሽ የሚመለሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሳይደግፍሽ አትነሺ። በቀጣዮቹ ቀናት ቀና ስትዪ የሚብስ፣ ስትተኚ የሚቀልልሽ ራስ ምታት ካለ «ድካም ነው» ብለሽ አትለፊው። ከመርፌው ሊመጣ ይችላል፣ ሕክምናም አለው። ቤት ከገባሽ በኋላ ቢሆንም ተመልሰሽ ሂጂ።