ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፦ የኮምፒውተሩ ችግር የተገኘው ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ላይ ነው

ምልክቱ፦ የኮምፒውተሩ ማብሪያ ሲጫን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም፤ ቢፕ የሚል ድምፅም አይሰማም። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋና ራሱ መልሶ ይነሳል።

ሞኒተሩንና የቪጂኤ ኬብሉን መቀየር አልረዳም። የማዘርቦርዱ ባትሪ (ሲአር2032፣ 3 ቮልት) በአዲስ ተተካ፤ ለውጥ የለም። ፓወር ሰፕላዩ በሌላ ተሞከረ፤ ያው ነው።

የሠራው ይህ ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፣ ቀሪው ኃይል ይውጣ። የኬሱን ብረት ነክታችሁ ራሞቹን አውጡ፤ ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ። ስሎቱንም (ራሙ የሚሰካበትን ቦታ) በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የድሬዳዋ አቧራ ግን የሚቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው፣ በዚህ ሙቀት መስኮት የሚዘጋ የለምና። ከዚያ አንዱን ራም ብቻ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ጫኑት።

ተነሳ። ሁለተኛው ሲጨመር መልሶ ጨለመ፤ ስሎት ቢቀየርለትም፣ ብቻውን ቢሞከርም ያው፣ ስለዚህ የሞተው እሱ ነው። ምትክ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፦ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የራም ዓይነቶች ናቸው፤ በየራሳቸው ጥርሶች መሐል ያለው ክፍተት ቦታው ይለያያል፣ በግድ ከተጫነ ስሎቱን ይሰብራል።