ለፈጣን መኪና ከፍተኛ ኦክቴን ያለውን ቤንዚን እንዴት አወዳድሮ መምረጥ ይቻላል?

ለፈጣን መኪና ቤንዚን ሲመረጥ ከማደያው ማስታወቂያ በፊት መነበብ ያለበት በነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ የተለጠፈው ጽሑፍና የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ የኦክቴን ቁጥሩ «ቢያንስ 98» ከተባለ ከዚያ በታች መሙላት ሞተሩን ለጉዳት ማጋለጥ ነው። «98 ይመከራል፣ 95 ይቻላል» ከተባለ ግን የሞተሩ ኮምፒዩተር ራሱን ከዝቅተኛው ጋር ማስማማት ስለሚችል ልዩነቱ በጉልበትና በፍጆታ ላይ ብቻ ይታያል፤ ማወዳደርም በተለይ የሚጠቅመው ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ነው። ለ95 ብቻ የተቀናበረ ሞተር ግን 98 ቢሞላለት ተጨማሪውን ኦክቴን የሚጠቀምበት መንገድ ስለሌለው ወጪው በአብዛኛው ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ በአንድ መለኪያ የተለኩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በአውሮፓና በብዙ አገሮች ማደያ ላይ የሚለጠፈው «ሮን» የሚባለው ልኬት ሲሆን፣ አሜሪካና ካናዳ ግን የሮንንና በከበደ ሁኔታ የሚለካውን የ«ሞን»ን አማካይ ስለሚለጥፉ የአሜሪካው 93 ከአውሮፓው 98 ጋር ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ልኬቶች ቤንዚኑ በግፊትና በሙቀት ውስጥ በራሱ ጊዜ ሳይቀጣጠል የሚቆይበትን አቅም ብቻ ይናገራሉ። በአንድ ሊትር ውስጥ ስላለው ኃይል የሚሉት ነገር የለም፤ እንዲያውም ኦክቴን ከፍ ለማድረግ የሚጨመረው ኤታኖል በሊትር 21 ሜጋጁል ያህል ብቻ ሲይዝ ቤንዚን 32 ገደማ ይይዛል። ስለዚህ እኩል 98 የሚል ጽሑፍ ካላቸው ሁለት ቤንዚኖች አንዱ 5 በመቶ፣ ሌላው 10 በመቶ ኤታኖል ቢኖራቸው ፍጆታቸው በመጠኑ ሊለያይ ይችላል፤ በቧንቧው ላይ የተለጠፈውን «ኢ5» ወይም «ኢ10» የሚል ምልክት ሳያዩ ማወዳደር አይገባም።

ታዲያ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ቱርቦ ያለው ወይም ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥር ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጫና ሲበዛበት፣ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳና በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰማል። የዘመኑ ሞተር ይህንን በሴንሰር ሲያዳምጥ ካንዴላው የሚለኩስበትን ቅጽበት ወዲያው ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። የተሻለው ቤንዚን የሚሰጠው ጥቅም ይህ መዘግየት እንዳይኖር ማድረጉ ነው፤ በመሆኑም የሚለካው እሱው መሆን አለበት። በመቀመጫ ላይ የሚሰማ ስሜት፣ በተለይም ውድ ቤንዚን ከሞሉ በኋላ የሚሰማው፣ የማይታመን ምስክር ነው።

ለመለካት ኦቢዲ በሚባለው የመኪናው ኮምፒዩተር መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ ተራ ስካነር ይበቃል። ታንኩ ሊያልቅ ሲቃረብ የመጀመሪያውን ቤንዚን ይሙሉ፤ ግማሽ ታንክ 95 ላይ ግማሽ ታንክ 98 ቢጨመር ውጤቱ 96.5 ገደማ ስለሚሆንና ኮምፒዩተሩም ለመላመድ ጊዜ ስለሚፈልግ ልኬቱን ከሁለተኛው ሙሊት ይጀምሩ። ለውድድር በተዘጋ መንገድ ወይም በዳይኖ (መኪናው ቆሞ ጉልበቱ በሚለካበት መሣሪያ) ላይ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ከ2500 እስከ 6000 ዙር ድረስ የነዳጁን ፔዳል ሙሉ በሙሉ በመርገጥ የእሳቱን ቅጽበት በዲግሪ (ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚለኮስ)፣ ከዚያም ጋር ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት ይመዝግቡ፤ ሁለተኛውንም ቤንዚን በዚሁ መንገድ ይለኩ። ለምሳሌ በ4500 ዙር አንደኛው ቤንዚን 18 ዲግሪ፣ ሌላው 15 ዲግሪ ቀድሞ የሚለኮስ ከሆነ ሁለተኛው ሞተሩ እሳቱን እንዲያዘገይ እያስገደደው ነው። የአየሩ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ እንኳ ከተለያየ ግን ንጽጽሩን ይጣሉት፤ ሞቃት አየር ብቻውን ያንኑ መዘግየት ያመጣል። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ቤንዚን ተመልሶ መለካት ደግሞ ልዩነቱ የቤንዚኑ እንጂ የዕለቱ እንዳልሆነ ያሳያል።

ኦክቴኑ እኩል ከሆነ በሼል ቪ-ፓወር፣ በቢፒ አልቲሜትና በመሳሰሉት መካከል የሚቀረው ልዩነት በዋናነት የማጽጃ ኬሚካሉ ዓይነትና መጠን ነው። በ2004 ቢኤምደብልዩ፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ የጀመሩት «ቶፕ ቲየር» የተባለው መስፈርትም ስለዚህ ጽዳት እንጂ ስለ ኦክቴን አይደለም። ኬሚካሉ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ያጸዳል፤ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው ሞተሮች ላይ ግን ቤንዚኑ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን ስለማይነካ በእነሱ ላይ የተጋገረውን ካርቦን አያነሳም፣ ማስታወቂያው ምንም ቢል። በጀርመን እንደሚሸጠው አራል አልቲሜት 102 ያለ ቤንዚንም ጥቅም የሚሰጠው ሞተሩ ለዚያ ያህል ኦክቴን ከተቀናበረ ነው።

በጠርሙስ ከሚሸጡ የኦክቴን ማሳደጊያዎች ማንጋኒዝ ያለባቸውን ይተዉ፤ በካንዴላና በጭስ ማጽጃው (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ላይ ቀይ ዝቃጭ ያስቀራሉ። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳ ዝቅ ባለ ኦክቴን ሊረካ ይችላል፤ ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን ግፊት ራሱ ስለሚተካ በዚህ ሰበብ ኦክቴን መቀነስ አይገባም። መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ኤታኖል ውሃ ስለሚስብ ከኢ10 ይልቅ ኢ5ን ይምረጡ።