«ዲሹ የሚያየው እኔን ነው» የሚል ዘመድ ካላችሁ፦ ዴሉዥንን እንዴት እንረዳው

አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ደሴ ነው የሚኖሩት፣ አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤታቸው ዲሹን ወደሳቸው መስኮት ያዞረው ሊሰልላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ሞኙ ሳቅኩና ላስረዳ ጀመርኩ፣ አያ ዲሽ እኮ ሳተላይቱ ወዳለበት ነው የሚዞረው፣ ይኸው የሰፈሩ ዲሽ በሙሉ ወደዚሁ ነው የዞረው አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «አየህ፣ ሁሉም ተባብረዋል» አሉኝ።

ዴሉዥን (ከህመም የሚመጣ፣ በማስረጃ የማይነቃነቅ እምነት) እንደዚህ ነው እንግዲህ፣ ማስረጃ ስታመጡለት ማስረጃውን ይበላውና ይወፍራል። ካርል ያስፐርስ የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም በፈረንጆች 1913 ባሳተመው መጽሐፍ ሶስት ምልክት ሰጥቶታል፣ ሰውየው ፍፁም እርግጠኛ ነው፣ በክርክርም በልምድም አይመለስም፣ የሚለውም ነገር ሊሆን የማይችል ነው። ሶስተኛዋ ላይ ጠንቀቅ በሉ፣ ሚስቴ ትማግጣለች የሚል ሰው ነገሩ እውነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ ግን እንዴት አወቅክ ሲባል «መጋረጃው ግማሽ ተከፍቶ አገኘሁት» ካለ አሁንም ዴሉዥን ነው። ስለዚ ልክ ነው አይደለም ብላችሁ ከመመርመራችሁ በፊት እንዴት እንዳወቀ ጠይቁት። (የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ሰው ማየት ሃሉሲኔሽን ነው፣ ሌላ ነገር ነው፣ አብረው ሊመጡ ግን ይችላሉ።)

አሁን እኛ ሀገር የሚከብደው ጋ እንምጣ። «ሲህር (ድግምት) ተደርጎብኛል»፣ «ቡዳ በላኝ»፣ «ጂኒ ነው» ያለ ሁሉ ታሟል ካልን ግማሽ ወሎ ሊተኛ ነው ወላሂ። የህክምናው መመሪያ ራሱ ማህበረሰቡ የሚጋራውን እምነት ዴሉዥን አይለውም። ታዲያ በምን ይለያል? እዛው እምነት ውስጥ ያሉትን ጠይቁ። አያን ቀድማ የነቃችባቸው ራሷ በሲህር የምታምን ጎረቤት ናት፣ «ኧረ ይሄስ ሲህርም አይመስል» አለች። ሰውየው ከራሱ ሼህ ወይ ከነፍስ አባቱ ጋርም የማይግባባበት ነገር ይዞ ሲመጣ፣ መልእክቱ ለሱ ብቻ የተላከ ሲሆን፣ ከዛ ጋር መታጠብ መብላት መተኛት ሱቅ መክፈት ሲተው፣ ያኔ አስቡበት። ደግሞ ሃሳቡ ልብሱን የሚዋሰው ከዘመኑ ነው፣ ድሮ በዛር የሚያሳብብ ሰው ዛሬ ስልኬ ተጠልፏል ይላል፣ ስር ያለው «እየተከታተሉኝ ነው» የሚለው ፍርሃት ግን ያው ነው።

በ2014 ጦርነቱን እዚሁ ሆኖ ያየ ሰውም አለ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ እንግዳ ፊት ሲያይ የሚጠረጥር። እሱን ዴሉዥን አትበሉት። ያየውን ነው የሚፈራው፣ ረጋ ብላችሁ ስታወሩት «ምናልባት እኔ ነኝ ያበዛሁት» ማለት ይችላል። ዴሉዥን ያለበት ሰው ግን «ምናልባት» የምትለዋ ቃል ጠፍታበታለች።

ከየት ይመጣል? መጀመሪያ መቼ ጀመረ፣ በምን ፍጥነት መጣ የሚለውን አጣሩ፣ ግማሹ መልስ እዛ ነው። በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ትኩሳት ካለ፣ ቀኑንና ሌሊቱን ካደባለቀ፣ ማታ ማታ ከባሰበት ወዲያው በዛው ቀን ሀኪም ቤት ውሰዱት፣ ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ እንደዚህ ያደርጋል (ባቲና ከሚሴ ቆላው ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ)፣ ሌላም ኢንፌክሽን ያደርጋል፣ የዘወትር ጠጪ ድንገት ሲያቆምም በ2ኛው በ3ኛው ቀን ሊመጣበት ይችላል። አራስ ከሆነች ደግሞ አንድ ቀን አትጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው የሚጀምረው፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ስለ ልጁ ግራ የሚያጋባ ነገር ታወራለች፣ ለሷም ለህፃኑም አደጋ ነው። እማማ በእርጅናቸው «ምራቴ ብሬን ሰረቀችኝ» ማለት ከጀመሩ ብሩን ያስቀመጡበትን ረስተውት ይሆናል፣ መርሳት በሽታ አንዱ መልኩ ይሄ ነው፣ ምራትየዋን አትፍረዱባት። ጆሯቸውንም አስመርምሩ፣ የማይሰማ ሰው እየታማሁ ነው ማለት ይቀናዋል።

ጫት ላይ ብዙ ሰው ይቆጣኛል ግን ልበለው። ወሎ ጫት ከዱዓው ጋር የቆየ ነገር ነው፣ አንዴ የቃመ ያብዳል አላልኩም። ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድሃኒት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየተቃመ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ከነጋና ሰውየው ላይ ዝንባሌው ካለ ጥርጣሬን ይቀሰቅሳል። አያም በዛ ሰሞን ሶስት አራት ሌሊት አልተኙም ነበር።

ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ሀኪሞቹ በዶፓሚን ነው የሚያስረዱት። ዶፓሚን «ይሄ ያገባሃል፣ ልብ በል» ብሎ ምልክት የሚያደርግ የአንጎል ኬሚካል ነው፣ ሲበዛ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዲሽ ድንገት ትርጉም ያለው ሆኖ ይሰማል፣ ሰውየው ያንን ስሜት ለማስረዳት ታሪክ ይሰራለታል። ታሪኩ ሲገኝ ደግሞ እፎይ ይላል፣ ለዛ ነው የማይለቀው። የሚያስፈራ ሃሳብ ይዞም ካለመረዳት ይሻለዋል።

ስሜቱንም እዩት። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው «ኃጢአቴ አይማርም»፣ «ሆዴ ውስጡ በስብሷል» ይላል፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ህመም) ሆኖ ስሜቱ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ የተላኩ ነኝ፣ ሀብታም ነኝ ይላል፣ ሁለቱ መድሃኒታቸው ይለያያል። ዘር አለበት ወይ? አለበት፣ ስኪዞፍሬኒያ (ዴሉዥንና ሃሉሲኔሽን የሚያመጣ የአእምሮ ህመም) ከ100 ሰው ወደ 1 ያህሉን ይይዛል፣ አባት ወይ እናት ካለበት ልጁ ወደ 10% ይጠጋል፣ ግን 90ው አይታመምም፣ ለጋብቻ ዘር የምትቆጥሩ ይሄንንም ቁጠሩ።

ምን ላድርግ ካላችሁ እኔ የሰራሁትን ስህተት አትስሩ። ከክርክሩ በኋላ ደክሞኝ ጎረቤትየውን ለምኜ ዲሹን አስነሳሁት፣ አያ በሳምንቱ የሌላኛውን ጎረቤት ዲሽ አገኙ። አትከራከሩ፣ አዎ ልክ ነህ ብላችሁም አታጽድቁ። በመሀል ያለችዋን ያዙ፣ «አያ እኔ የሚሰልል ሰው አላየሁም፣ ግን እንቅልፍ እንደነሳዎት አይቻለሁ፣ እስቲ ለእንቅልፉ ሀኪም እንይ» ስላቸው ነው የመጡልኝ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ግን ሰንሰለት የለም፣ መድሃኒቱም አይቋረጥ። ቤት ውስጥ መሳሪያ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። ድምፅ የሚያዘው ከሆነ፣ የአንድን ሰው ስም ጠርቶ «ሳይቀድመኝ ልቅደመው» ካለ፣ ተመርዟል ብሎ ምግብ ከተወ፣ ወይ ራሴን ላጥፋ ካለ ነገ አትበሉ። ስትሄዱ መቼ እንደጀመረው፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ ጫትና መጠጡን፣ የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ሰውየው ፊት ለማለት የሚያስቸግር ነገር አለ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳያናግሩን ኪኒን ጽፈው ሸኙን፣ ምን እንደሆነም አልነገሩን፣ አያም ሰውነቴ ደረቀ እጄ ተንቀጠቀጠ ብለው ጣሉት። ሁለተኛው ሀኪም መድሃኒቱ እንደዛ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ሲያደርግም መጠኑ ወይ አይነቱ እንደሚቀየር ነገረን፣ ሪስፔሪዶን ወደሚባል መድሃኒት ቀየረልን። መጀመሪያ እንቅልፉ ነው የተመለሰው፣ ሃሳቡ ለሳምንታት እዛው ነበር። አሁን ዲሹን ስጠይቃቸው «ዞሯል» ይላሉ፣ ከዛ «ቡናው ቀዘቀዘብህ እኮ» ብለው ወሬ ይቀይራሉ።