የወሎን ኪነ ጥበብና ባህል ከደሴ እስከ ሐይቅ ዳርቻ እንዴት ማየት ይቻላል?

ወሎን ሊጎበኙ የሚመጡ ብዙ እንግዶች ደሴ እንደ ደረሱ የሚያነሱት ጥያቄ «ምን የሚታይ ቦታ አለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለወሎ አይበቃም፤ የዚህ አገር ጥበብ አብዛኛው የሚኖረው በሰው አንደበት፣ በመሰንቆ ጭራ፣ በድቤ ቆዳና በረከቦት ዙሪያ ነውና። ስለዚህ «ምን ልይ?» ከማለት በፊት «ምን ልስማ? መቼስ ልስማው?» ብሎ መነሳት ይሻላል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ደሴን ማረፊያ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በውኃው ዳር የተቀመጠችውን ትንሿን የሐይቅ ከተማ ደግሞ ዋና መዳረሻ አድርጎ፣ አራት ወይም አምስት ቀን ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው።

ጆሮን ማዘጋጀት

ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሚጀመር ሥራ አለ፤ እርሱም አራቱን ቅኝቶች መለየት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት እነዚህ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው። ሁለቱ ስማቸውን የሚጋሩት ከወሎ ቦታዎች ጋር ነው፤ አምባሰል ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲሉ የሚያገኙት ተራራማ አገር ሲሆን፣ ባቲ ወደ አፋር ቆላ መውረጃ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት።

ቅኝቶቹን ለመለየት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ክራር ወይም ኪቦርድ የሚነካካ ወዳጅ ካለዎት በመጀመሪያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ያሰማዎት፤ ይህ ሙሉ ትዝታ ነው። ቀጥሎ አምባሰልን ያሰማዎት፤ ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ጥግ ጥጉን ይቆምና ከዚያ ወደ ፋ ይዘላል። አምባሰል ሆድ የሚያባባው በዚህ መጠጋትና መዝለል ይመስለኛል። አንቺ ሆዬ አነሳሱ ከአምባሰል ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን አራተኛው ድምፅ ሶል ሳይደርስ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚቀር ጆሮ የጠበቀውን አያገኝም። ሙሉ ባቲ ደግሞ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ድምፅ በሰፊ እርምጃ ስለሚሄድ ከሁለቱ ጋር ፈጽሞ አይምታታም። ከዚህ በኋላ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት ደጋግመው ያዳምጡ፤ ድምጿ ቃሉን እንዴት እንደሚያጥፈውና እንደሚዘረጋው ልብ ያለ ሰው ደሴ ላይ የሚሰማውን ሁሉ በሌላ ጆሮ ይሰማል።

ቀኑን መምረጥ

በወሎ ጥበቡ የሚወጣው በበዓልና በሠርግ ስለሆነ የጉዞው ቀን ከሆቴሉ ምርጫ ይበልጣል። ሐምሌና ነሐሴ በደሴ ጉምና ጭቃ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። መስከረም 21 በአምባሰል የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ ከየአቅጣጫው ምእመናን መስቀለኛ ቅርጽ ወዳለው አምባ ይተማሉ፤ ያን ጊዜ ማረፊያም ትራንስፖርትም አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። ጥቅምት 17 የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል በመሆኑ የእስጢፋኖስ ገዳም ላለባት ለሐይቅ የሚመች ቀን ነው። ጥር ጥምቀትንም ሠርግንም አንድ ላይ የያዘ ወር ነው፤ በእኔ ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። መውሊድ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣልና የዘንድሮውን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ።

ደሴ፦ ቀን በእግር፣ ማታ በመሰንቆ

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይያዙ። የመጀመሪያውን ቀን በእግር ይጀምሩ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ የግብር አዳራሹ ድሃና ሀብታም ሳይለይ የመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ በመሆኑ «አይጠየፍ» እንደተባለ ይነገራል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዝርፊያ የደረሰበት ስለሆነ ምን ክፍል ለጎብኚ ክፍት እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። የተረፈውን ማየት ግን ተገቢ ነው፤ የጎደለውንም ጭምር ለመረዳት።

ማታ መሰንቆ ያለበት ቤት ይፈልጉ። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ከሚነግርዎ ይልቅ ቡና የምታፈላ ሴት ወይም የባጃጅ ሾፌር የተሻለ ያውቃል። ሲገቡ ከመጫወቻው ቅርብ ይቀመጡና መሣሪያውን ይመልከቱ፦ በቆዳ የተለበጠ ባለአራት ማዕዘን ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ደጋን። ተጫዋቹ ዘፈኑን ከመጀመሩ በፊት የደጋኑን ጭራ በሙጫ ያሻል፤ አውታሩን በጆሮው ተጠግቶ ይወጥራል፤ ከዚያም የግራ እጁ ጣቶች አውታሩን ከጎን ሲነኩት ያ አንድ ጭራ የሰው ጉሮሮ ይሆናል። ምን ቅኝት እንደሆነ ለራስዎ ለመገመት ይሞክሩ፤ ከተሳሳቱም ተጫዋቹን በእረፍቱ ቢጠይቁት በደስታ ያስረዳዎታል።

አዝማሪው ስለ እርስዎ ሊገጥም ይችላል። ግጥሙ ሰም እንዳለው ሁሉ ወርቅም አለውና አጠገብዎ የተቀመጡት ሲስቁ ያልገባዎትን ከመጠየቅ አይፈሩ። እርስዎም ስንኝ ካለዎት «ተቀበል!» ብለው ይስጡት፤ ተቀብሎ በዜማ ይመልስልዎታል። ሽልማት መስጠት የወጉ አካል ስለሆነ ዝርዝር ብር ይዘው ይግቡ።

መንዙማ ያለበት ቤት መግባት

ወሎን በዘፈን ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን አያውቅም። መንዙማ ለአላህና ለነቢዩ የሚቀርብ ምስጋና ሲሆን፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛና በኦሮምኛ የተገጠመ ትልቅ የቃል ሥነ ጽሑፍ ነው። የወሎ ዑለማዎች አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ እየጻፉ ለደቀ መዛሙርታቸው አስተላልፈውታል። ከእነዚህ ሊቃውንት አንዱ ሸህ ጠልሐ ጃዕፈር ናቸው። ሰይድ መሐመድ ሻፊ የመሠረቱት የጀማ ንጉሥ ማዕከልም በመውሊድ በዓሉ ይታወቃል።

ወደ ሀድራ፣ ማለትም መንዙማና ዱዓ ወደሚደረግበት ስብስብ፣ የሚገባው በአካባቢው ሰው አማካይነት ነው። አስተናጋጅዎን «ሀድራ ላይ ብገኝ ይፈቀድልኛል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከተፈቀደም ጫማዎን አውልቀው፣ ሴት ከሆኑ ተከናንበው፣ ወደ ተጠቆመው ቦታ ይቀመጡ። መሪው ስንኙን ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ በድቤና በጭብጨባ አዝማቹን ይመልሳሉ፤ ምቱም ቀስ በቀስ እየፈጠነ ይሄዳል። ዱዓ ሲደረግ መዳፍዎን ዘርግተው «አሚን» ይበሉ፤ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንዱ በሌላው ምርቃት ላይ መገኘት ያልተለመደ ነገር አይደለም። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ግን ሳይፈቀድ የማይደረግ ነው። እንግዶች ሳይጠይቁ ካሜራ ሲደቅኑና ዜማው በዚያው ሲበርድ አይቻለሁ፤ ያን ያህል የሚያሳዝነኝ ነገር የለም።

ሐይቅ፦ ውኃው፣ ገዳሙና ብራናው

ለሐይቅ ሙሉ ቀን ይስጡ። ከደሴ ጠዋት በሚኒባስ ሲነሱ ቦሩ ሜዳን ያልፋሉ፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ከተማዋ ከደረሱ በኋላ ወደ ውኃው ይውረዱና አንድ ሽማግሌ የሐይቁን አፈጣጠር እንዲተርኩልዎት ይለምኑ። ትረካው እንደ ተራኪው ይለያያል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ስታለቅስ እግዚአብሔር አገሩን ውኃ እንዳደረገው፣ እርሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ እንደቀረ የሚነገረው ግን የታወቀው ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ በተገናኘ መሬት ላይ ይገኛል። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የብራና ጽሕፈት ማዕከል ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ እንደተማሩ፣ ይኩኖ አምላክም የኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር እንደነበረ በትውፊት ይነገራል። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው ወንጌል የእርሳቸውን ሥዕል ጭምር የያዘ በመሆኑ በኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። እንዲህ ያሉ ቅርሶች በየቀኑ ለእይታ የሚወጡ አይደሉምና አባቶችን በትሕትና ይጠይቁ፤ ባያሳዩም አይከራከሩ። ገዳሙ ሴቶችን አያስገባም። አብረዋችሁ ሴቶች ካሉ ቀኑን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ ወንዶቹ ገዳም ሲገቡ ሴቶቹ በዳርቻው በጀልባ ቢንሸራሸሩ፣ ከዚያ ሁሉም አሳ ጥብስ ላይ ቢገናኙ መልካም ነው።

ከሰዓት በኋላ ቡና ከተጠሩ እምቢ አይበሉ፤ ከጀመሩም አቦልና ቶናን ጠጥተው በረካውን ሳይጠብቁ አይነሱ። ጨዋታው የሚደምቀው፣ ምርቃቱም የሚመጣው ከሦስተኛው ስኒ ጋር ነው። መንገድ አድክሞዎት ከሆነ «አብሽር» ወይም «አብሽሪ» ሲሉዎት ይሰማሉ፤ አይዞህ፣ አይዞሽ ማለት ነው።

ሰኞ ወደ ባቲ

ጉዞዎ ሰኞን የሚያካትት ከሆነ ያን ቀን ለባቲ ያቆዩት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ወደ ምሥራቅ ይቀጥላሉ። በሰኞው ገበያ የአማራ፣ የኦሮሞና የአፋር ሰዎች ከግመልና ከፍየል፣ ከእህልና ከልብስ ጋር ይገናኛሉ፤ ሦስቱን ቋንቋ በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ መስማት ይቻላል። ሙቀቱ ከደሴ ጋር አይወዳደርምና ጋቢውን ትተው ውኃ ይያዙ፤ ገበያው ሲሞላ ለመድረስም በማለዳ ይነሱ። በአየር የሚመለሱ ከሆነ የአካባቢው አውሮፕላን ማረፊያ ኮምቦልቻ ስለሆነ ሻንጣዎን ይዘው ይውጡ፤ ዳገቱን ተመልሰው ደሴ መውጣት አያስፈልግዎትም።