7.5 ኪሎ ይበቃል ወይስ ያንሳል? የሕፃን እድገት ሰንጠረዥ አነባበብ

«ልጅቷ 15ኛ ፐርሰንታይል ላይ ናት» ሲባል ብዙ ወላጅ የፈተና ውጤት የተነገረው ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። በእሷ እድሜ ያሉ 100 ጤነኛ ሴት ሕፃናት በክብደት ቅደም ተከተል ቢሰለፉ፣ 15ቱ ከእሷ ይቀላሉ፣ የቀሩት ይከብዳሉ ማለት ብቻ ነው። 50ኛው መስመርም መካከለኛው እንጂ ሁሉም ሊደርስበት የሚገባ ግብ አይደለም፤ ከጤነኞቹ ልጆች ግማሾቹ ሁልጊዜም ከእሱ በታች ናቸው።

ከልደት እስከ 5 ዓመት የሚያገለግለውን ሰንጠረዥ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት እየጠቡ ባደጉ ልጆች ልኬት ላይ የተመሠረተ ነው። የወንድና የሴት ለየብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ትክክለኛውን መያዝዎን ይዩ። መስመሮቹ 3፣ 15፣ 50፣ 85 እና 97 ናቸው። አንዳንዱ ካርድ ግን 0፣ -2፣ -3 ይላል፤ 0 ያው 50ኛው ሲሆን -2 ከ3ኛው መስመር ትንሽ ዝቅ ይላል።

ስህተት የሚበዛው ከመስመሩ ሳይሆን ከእድሜውና ከሚዛኑ ነው። መስከረም 20 የተወለደች ልጅ የካቲት 8 ብትመዘን የሞላት 4 ወር ነው። «አምስተኛ ወሯን ይዛለች» ስለሚባል ግን ነጥቡ 5 ላይ ያርፋል። 6.4 ኪሎ በ4 ወር ልክ 50ኛው ላይ ነው፤ 5 ላይ ሲነጠብ ያለምክንያት የወረደች ትመስላለች። የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ፣ የልኬቱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይዞ ማስላት ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

ክብደት ሲለካ ልብስም ዳይፐርም ይወልቃል፤ የረጠበ ዳይፐር ብቻውን ከ100 ግራም በላይ ይጨምራል። በሚንጠለጠለው ሚዛን ከሆነ ማቀፊያው ባዶውን ተሰቅሎ መርፌው ዜሮ ላይ መመለስ አለበት፣ ንባቡም መርፌው ከዓይን እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ ይወሰዳል። ቤት ውስጥ እናት ከነልጇ ቆማ የራሷን ክብደት መቀነስ ትችላለች፤ ሆኖም የአዋቂ ሚዛን ለሕፃን ወርሃዊ ለውጥ ስለማይታመን የዚያን ቁጥር ካርዱ ላይ ባያሰፍሩት ይሻላል። በተቻለ መጠን ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው ሚዛን ይሁን።

ቁመት እስከ 2 ዓመት የሚለካው አስተኝቶ፣ በመለኪያ ሰሌዳ፣ በሁለት ሰው ነው። አንዱ ጭንቅላቷን ከሰሌዳው ራስጌ ጋር አስነክቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቷን ቀስ ብሎ ይጫንና ውስጥ እግሯን ቀጥ አድርጎ ያስደግፋል። አልጋ ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር የተለካ ቁመት አያስተማምንም። የጭንቅላት ዙሪያ ከቅንድብ በላይ በኋላ በኩል በጣም ወጣ ባለው ቦታ ይዞራል፤ ሹሩባ ካለ ይፈታል።

አሁን ወደ ንባቡ። ሁለት ሴት ልጆች እንውሰድ። አንደኛዋ በ6 ወር 6.4፣ በ9 ወር 7.3፣ በ12 ወር 7.9 ኪሎ ሆነች። ሦስቱም ነጥቦች 15ኛው መስመር ላይ ናቸው፤ ቀጭን ናት፣ ግን የራሷን መንገድ ይዛ እያደገች ነው። ሁለተኛዋ በ6 ወር 7.3፣ በ9 ወር 7.5 ሆነች። በ9 ወር ከመጀመሪያዋ ትከብዳለች፣ ሚዛኑም ጨምሯል፤ ሆኖም ከ50ኛው ተነስታ ወደ 15ኛው ተጠግታለች። መታየት ያለባት እሷ ናት። ተጨማሪ ምግብ የተጀመረው በዚሁ መሃል ስለሆነ፣ አጥሚቱ ቀጥኖ፣ ቀኑን የሚበላበት ጊዜ አንሶ ወይም ተቅማጥ ተደጋግሞ እንደሆነ ይጠየቃል።

መስመር መልቀቅ ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ይመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሕፃኑ ከማህፀን ይዞት ከመጣው መስመር ወደ ራሱ መሸጋገሩ የተለመደ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ደግሞ እስከ 2 ዓመት ድረስ የቀደመበት ሳምንት ከእድሜው ይቀነሳል፦ 8 ሳምንት ቀድሞ የተወለደ የ6 ወር ልጅ 4 ወር ላይ ይነጠባል።

አሜሪካ ያላችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። 16 ፓውንድ ከ2 አውንስ 16.2 ፓውንድ አይደለም፤ ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ ወደ 16.1 ይጠጋል፣ በኪሎ 7.3 ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ 2 ዓመት ሲሞላው ሐኪሞች ወደ አገሪቱ የራሷ ሰንጠረዥ ይዛወራሉ፣ ቁመቱም ቆሞ ይለካል። ቆሞ ሲለካ ወደ 0.7 ሴንቲ ሜትር ስለሚያንስ ፐርሰንታይሉ በአንድ ቀን ቢዘል አትደንግጡ።

ክብደት ከቀነሰ፣ ሁለት ተከታታይ ወር ካልጨመረ፣ ሁለት መስመር ካቋረጠ ወይም ከ3ኛው በታች ከወረደ ቀጠሮ አይጠበቅም። የጭንቅላት ዙሪያ መስመር እያቋረጠ ሽቅብ ሲፈጥንም እንዲሁ። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች መሆን ከባድ የምግብ እጥረት ነው። እብጠት ካለ ደግሞ ሚዛኑን አትመኑ፣ ውሃው ኪሎ ይጨምራል። የሁለቱን እግሮች ጀርባ በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ በሁለቱም ላይ ጉድጓዱ ከቀረ ካርዱ ላይ ያለው ነጥብ ምንም ይበል፣ ልጁን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት።