ሞተርና ልምድ መዋዋስ፦ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ በጋራ ለሚነዱ

ሞተር ሳይክል የሚወዱ ሰዎች ቡና ይዘው ሲቀመጡ ወሬያቸው ዞሮ ዞሮ ወደ ሁለት ነገር ይመለሳል፤ አንዱ የየራሳቸው ሞተር ነው፣ ሌላው የሄዱበት መንገድ ነው። እኔም ባሕር ዳር ውስጥ በእንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ዲቲ የተባለው የያማሃ ሞተር ያለው ጉልበቱን ያወድሳል፣ የባጃጁ ቦክሰር ያለው የቤንዚን ቁጠባውን ይቆጥራል፣ ሌላውን ያማሃ፣ ኤጂን፣ የሚነዳው ደግሞ ሞተሩ ስንት ዓመት ገጠር ለገጠር እንደዞረ ይተርካል። ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሌላውን ሞተር ነድተን ካልሞከርነው፣ የሰማነውንም ልምድ በራሳችን መንገድ ላይ ካልፈተንነው ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከአራት እስከ ስድስት የምንሆን ጓደኛሞች አንዳንድ እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ወረታ ድረስ እየሄድን፣ መንገድ ላይ ሞተር ተለዋውጠን መመለስ ጀመርን። ይህንኑ ማድረግ ለምትፈልጉ፣ ከስሕተታችን የተማርነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

የወረታን መንገድ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደርሶ መልሱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ አስፋልት ነው፤ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነም ሞተሩን የማያውቅ ሰው በአቀበትና በቁልቁለት አይጨነቅም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውንና 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረው፣ ዘንዘልማን አልፈው፣ ሐሙሲት ሲደርሱ መንገዱን አጋምሰውታል። ከዚያ በኋላ የጉማራን ወንዝ ተሻግረው የፎገራ ሜዳ ውስጥ ይገባሉ። ጉዞውን ከማሰብዎ በፊት ግን በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ የተጣለ የሰዓት ወይም የቦታ ገደብ መኖር አለመኖሩን፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ያረጋግጡ። የሚጠየቀው በዚያው ዕለት ወይም በዋዜማው ከዚያ የመጣ ሾፌር ነው፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ ለዛሬ አያገለግልም። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ በቡድናችን ውስጥ ክርክር አይፈቀድም።

ፍተሻው በዋዜማው ማታ ይደረጋል። በእኛ ዘንድ ማንም ሰው የራሱን ሞተር አይፈትሽም፤ የሚፈትሸው በማግስቱ ተውሶ የሚነዳውን የጓደኛውን ሞተር ነው። የራሱን ሞተር የሚያይ ሰው ለምዶታልና የላላውን ነገር አያየውም፤ ሕይወቱን በሌላው ሞተር ላይ የሚጥል ሰው ግን በደንብ ያያል። ካቴናው፣ ማለትም የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ከሥሩ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካ በተራ የመንገድ ሞተር ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሊወዛወዝ ይገባል፤ እንደ ዲቲ ያሉ ረዥም ሞላ ያላቸው ሞተሮች ከዚህ ትንሽ የበለጠ መላላት ይፈልጋሉ። ልኩ በአንድ ቦታ ብቻ መወሰድ የለበትም። ካቴና እኩል ስለማያልቅ የኋላውን ጎማ እያዞሩ በጣም የጠበቀውን ቦታ ፈልገው እዚያ ላይ ይለኩ። የፍሬን ሸራ፣ የጎማው ጥርስና ንፋስ፣ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ ክላክስና ስፖኪዮ በዚያው ይታያሉ። ሊብሬው፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን ማየትም የፍተሻው አካል ነው፤ መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጣለ ግዴታ ነውና የሞተሩ ባለቤት ማን ቢሆን ተዋሹም በሕግ ፊት ሊያሳየው የሚችለው ነገር ያስፈልገዋል።

ካንዴላን፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ነጥሎ ማውራት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ሞተር የምናደርገው ጭቅጭቅ ግማሹ በካንዴላ ይፈታል። ሞተሩ ከሞቀና ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ጤነኛ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይጸዳ፤ ካልተስተካከለ ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በትንሹ ጠበብ ባለ ይቀይረው። ቀዳዳው የጠበበለት ሞተር ግን ወደ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። በተለይ እንደ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉ ባለ ሁለት ምት (ዘይትን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ) ሞተሮች በዚህ ሁኔታ ለረዥም ጊዜ በሙሉ ኃይል ከተነዱ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላልና ባለቤቱ ይህንን ለሚያውሰው ሰው መናገር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መዋዋሱ እንምጣ። ሞተር የሚዋስ ሰው ቁልፍ ተቀብሎ ወዲያው መነሳት የለበትም። ይህን የምለው በራሴ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የጓደኛዬን ሞተር ከሐሙሲት ወዲህ ተቀብዬ ስነዳ፣ ከፊቴ በሬዎች መንገድ ሲያቋርጡ አየሁና ማርሽ ለመቀነስ ወደ ታች ረገጥሁ። የእኔ ሞተር ማርሹ አንደኛው ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ላይ የሚገቡ ነበር፤ የእሱ ግን ሁሉም ወደ ታች ሲረገጡ የሚጨምሩ ነበሩ። ስለዚህ ማርሹ በመቀነስ ፈንታ ጨመረ፣ ሞተሩም የሚይዘኝ መስሎኝ ሳለ ለቀቀኝ። ፍሬን አብዝቼ በመያዜ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ተላጠ፣ የጓደኛዬ መሪ ተጣመመ፣ በሬዎቹ ግን አልተነኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርሹ ወዴት እንደሚገባ አዋሹ በቃሉ ሳይናገር፣ ተዋሹም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በእግሩ ሳይሞክረው ከእኛ ማንም አይነሳም።

ቀጥሎ አዋሹ ፍሬኖቹን ያስረዳል። የፊት ፍሬኑ ዲስክ የሆነበት ሞተር በሁለት ጣት ይቆማል፤ የከበሮ ፍሬን የለመደ ሰው እንደ ልማዱ በሙሉ እጁ ከጨበጠው የፊት ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። የቤንዚን መክፈቻው በየትኛው አቅጣጫ ሪዘርቭ (መጠባበቂያው ቤንዚን) እንደሚሆን ይነገር፤ መሀል መንገድ ላይ ሞተር ሲጠፋ ከኋላ አይሱዙ እየመጣ መክፈቻ መፈለግ አደገኛ ነው። ባለ ሁለት ምት ከሆነ የዘይቱ ማጠራቀሚያ የት እንዳለና መጠኑ በምን እንደሚታይ ይታወቅ። ኤጂን የሚዋስ ሰው ሞተሩ በግራም በቀኝም የጎን መቆሚያ እንዳለው ማስታወስ አለበት፤ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በየትኛውም በኩል እንዲቆም ተደርጓል፤ አንዱን አጥፎ ሌላውን ረስቶ የተነሳ ሰው ወደዚያ ጎን ሲታጠፍ መቆሚያው መሬቱን ይመታዋል። ዲቲ መቀመጫው ከፍ ያለ ነውና ቁመቱ አጠር ያለ ጓደኛ ቆሞ ሲጠብቅ በአንድ እግሩ ብቻ ሊደገፍ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። ስፖኪዮዎቹ ለተዋሹ ቁመት ይስተካከሉ። ሄልሜት ግን አይዋዋስም፤ ሁሉም በራሱ ልክ የተገዛውንና ተቆልፎ የሚታሰረውን ያድርግ።

ስለ ጉዳት ደግሞ ጓደኛሞች ነን ብለው ሳያፍሩ ከጉዞው በፊት መነጋገር ያሻል። የእኛ ስምምነት ቀላል ነው፤ በአነዳድ ምክንያት የደረሰውን ጉዳት ተዋሹ ያሠራል፤ በእርጅና ወይም በፍተሻው ሊታይ በማይችል ብልሽት የመጣውን ባለቤቱ ይሸከማል። ለሌላ ቡድን ሌላ ስምምነት ሊስማማው ይችላል፤ ዋናው ነገር ቃሉ ሞተሮቹ ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም በሰሙበት መነገሩ ነው። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ሞተር ማዋስ ግን በምንም ስምምነት አይሸፈንም።

መነሻችን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት የከተማው ባጃጅና ብስክሌት ገና አልበዛም፣ ፀሐይዋም አልጠነከረችም። ቀደም ብሎ መንገዱን የሚያውቀው ከፊት ይሆናል፣ አቅሙ ያነሰው ሞተር ሁለተኛ ይሰለፋል፣ ልምድ ያለውና መሣሪያ የያዘው ከኋላ ይዘጋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ሁለተኛው ነው፤ ደካማው ሞተር ከኋላ ከተተወ ሊደርስባቸው ሲል ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ተዛንፎ መነዳቱ ጥሩ ነው፤ በድልድይ፣ በመታጠፊያና ሰው በበዛበት ቦታ ግን አንድ መስመር ይሠራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ስለሚጓዝ ከፊቱ ካለው ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይጠብቅ። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ በክላክስ ማስደንገጥ አይገባም፤ ዝግ ብሎ ከከብቱ በስተኋላ ማለፍ ይሻላል፤ በሬ ከጀመረው ወደ ፊት ይሄዳልና። ጥጃና ውሻ ግን ሊመለሱ ስለሚችሉ ሙሉ በሙሉ መቆም ያስፈልጋል። ገበያ በሚቆምበት ቀን ሐሙሲትና ወረታ ውስጥ በእግረኛ ፍጥነት ከማለፍ ሌላ አማራጭ የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ የፎገራ ሩዝ ሲታጨድ ጋሪና ሸክም የያዘ ሰው በመንገዱ ዳር ይበዛል።

ልውውጡን የምናደርገው ሐሙሲት ላይ ቁርስ በልተን ነው። መጀመሪያ ግማሹን መንገድ ሁሉም በራሱ ሞተር ስለነዳ ፀባዩ ዕለቱን እንዴት እንደሆነ ሊናገር ይችላል። ተዋሹ ክፍት ቦታ ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል እየዞረ፣ እያቆመና እየተነሳ ይሞክረዋል፤ ካልተመቸው ያለ ኀፍረት ይመልሳል።

ክረምት ሲሆን ጉዳዩ ይለወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጉማራና ርብ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል፤ አስፋልቱን ለቀው ወደ መንደር ለመግባት ካሰቡ የሚጠብቅዎ ዋልካ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ከጎማው ጋር እየተጠቀለለ ወጥቶ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሀል ይታጨቃል። ጭቃ መከላከያው ከጎማው አጠገብ የሆነ ሞተር፣ ለምሳሌ ቦክሰር፣ በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል፤ እንደ ዲቲ ከፍ ያለ መከላከያ ያለው ሞተር ደግሞ ረዘም ያለ ርቀት ይታገላል። ስለዚህ በክረምት ወደ ዋልካ የሚገባው ሞተር የሚመረጠው በጭቃ መከላከያው እንጂ በጉልበቱ አይደለም። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ የፊት ፍሬን ሳይነኩ ይነዳል። በበጋ ደግሞ ያው አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በመንኮራኩር ልክ የጠለቀው ፈለግ የፊት ጎማውን ይዞ ወደፈለገው ይወስደዋልና ከዚያ ፈለግ መውጣት ሲያስፈልግዎ በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብለው ይቁረጡት። ውኃ ውስጥ ያለፈ የከበሮ ፍሬን ወዲያው አይዝም፤ ዝግ ብለው እየነዱ በትንሹ እየነኩ ያድርቁት። ሞተሩ ውኃ ስቦ ከጠፋ ደጋግመው አይርገጡት፤ ካንዴላውን ፈትተው ውኃውን አስወጥተው ካደረቁት በኋላ ይሞክሩ።

ወረታ ደርሰን ስንቀመጥ እያንዳንዱ ስለነዳው ሞተር ይናገራል፤ አነጋገሩም ልክ አለው። «መንገዱ መጥፎ ነው» ወይም «ሞተሩ ጎበዝ ነው» ማለት ለሌላው አይጠቅምም። በየትኛው ወር፣ ከዝናብ በኋላ ስንት ቀን፣ በምን ዓይነት ጎማ፣ ስንት ሰው ተጭኖ እንደነበር ይነገር። ቤንዚን እንኳ ቢሆን በግምት አይወራም፤ ሰልባቲዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) አፉ ድረስ ሞልተው ይነሱ፣ ሲመለሱ እዚያው ማደያ እንደገና ሞልተው የሄዱበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ያካፍሉ። 120 ኪሎ ሜትር ነድተው 3 ሊትር ከገባ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። እነዚህን ነገሮች አንድ ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ በቅርቡ ሞተር የገዛ ጓደኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምናሳየው ያንን ነው።

ስንመለስ ከዓባይ ድልድይ ወዲህ ቆመን ሞተሩን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ተዋሹ የተጠቀመበትን ቤንዚን ሞልቶ፣ ጭቃውን አጥቦ፣ በጉዞው የሰማውን ያልተለመደ ድምፅ ወይም ያስተዋለውን መላላት አንድም ሳይቀር ነግሮ ቁልፉን ያስረክባል።